አራት ቃል ስጠኝ፦ የአማተር ጨዋታ ሠሪዎች ውድድር ከየት ወዴት?

ባለፈው ክረምት ነው። ደሴ፣ ማታ፣ መብራት የለም። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ግቢያችንን ሞልቶታል። እማማ (አያቴ ናቸው) ጀበናውን ከሰል ላይ ጥደዋል። የአክስቴ ልጅ ከስልኩ እያየ ያወራልናል።

«አራት ቃል ይሰጥሃል። በረዶ፣ ደሴት፣ ንጋት፣ ጥቃት። ከነዚህ ተነስተህ በሳምንት ውስጥ አንድ ጨዋታ ትሠራለህ።»

«የምን ጨዋታ?» አለች እህቴ።

«ጠረጴዛ ከበው የሚጫወቱት። ደንቡን አንቺ ነሽ የምትጽፊው።»

አጎታችን ጥግ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይሰማሉ። በልጅነታቸው ዋድላ ቅኔ ቤት ገብተው ጥቂት ዓመት ቆጥረዋል። «ይሄማ ቅኔ ቆጠራ ነው» አሉ። «ምኑ ነው አዲስ?»

ሳቅን። ኋላ ሳስበው ግን ግማሹን ልክ ናቸው። የቅኔ ተማሪ ከሰው ገለል ብሎ ይቆጥራል፤ ቅኔውን በልቡ ያዘጋጃል ማለት ነው። ልኩ የታወቀ ነው፤ ጉባኤ ቃና ከሆነ ሁለት ቤት፣ መወድስ ከሆነ ስምንት። ከዚያ መምህሩ ፊት ይነግራል። ካልሆነለት ይታረማል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ይዞ ቢመጣ የሚሰማው የለም፤ አዲስ ነው የሚፈለገው። የተሰጠ ልክ፣ የተሰጠ ጊዜ፣ አዲስ ሥራ፣ ሰሚ። የጨዋታ ሠሪዎቹም ውድድር አጥንቱ ይኸው ነው። አጎቴ ያልያዙት ሌላኛው ግማሽ ደግሞ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ነው። እመለስበታለሁ።

(ከዚህ በታች በአኃዝ የምጽፋቸው ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ደንብ ያለው እቃቃ

መጀመሪያ በጨዋታው ምንነት እንግባባ። ገበጣ አይደለም። ዳማም ካርታም አይደለም። «የሚና ጨዋታ» ይሉታል። እኔ ለሰው ሳስረዳ ግን «ደንብ ያለው እቃቃ» ነው የምለው።

እቃቃ ስንጫወት አንዷ እናት፣ አንዱ አባት፣ አንዱ እንግዳ ይሆናል። ቆርኪው ሰሃን ነው። ጭቃው እንጀራ ነው። ይሄ ሁሉ ያለ ችግር ይሄዳል። የሚፈርሰው ጠብ ሲነሳ ነው። «እንግዳው አሁን ይሄዳል።» «አይሄድም፣ ያድራል!» ማን ይወስን? ብዙ ጊዜ የሚወስነው ጉልበት ያለው ወይም ቶሎ የሚያለቅሰው ነበር።

የሚና ጨዋታ ደንብ ለዚህች ቅጽበት የተዘጋጀ መልስ ነው። አንዳንዱ ደንብ ዳይስ (ቁጥር ያለበት ጠጠር) ወርውሩ ይላል። አንዳንዱ ተራ ያስይዛል። አንዳንዱ መሪ ይሾምና የመሪው ቃል ይጽና ይላል። የቀረው ወሬ ነው። ማለትም ሰዎች ተቀምጠው አንድ ታሪክ አብረው ያወራሉ፤ እያንዳንዱ አንድ ሰው ሆኖ ይናገራል።

ለገበያ የወጣው የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ጨዋታ ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ነው። አሜሪካ፣ 1974። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ሠሩት። የመጀመሪያው ሕትመት 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር። ገዢዎቹ ደንቡን እንዳለ አልተጫወቱትም። ቀጠሉለት፣ ቀነሱለት፣ ቤታቸው ሲደርስ ሌላ ሆነ። የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ጠባዩ ነው፤ ተጫዋቹ ከመጀመሪያው ግማሽ ደራሲ ነው። አማተሩ የበዛበትም ምክንያት ከዚህ ሌላ አይመስለኝም። እግር ኳስ የሚጫወት ሰው የእግር ኳስን ሕግ ልጻፍ አይልም። እዚህ ግን ዳይስ የያዘ ሁሉ ይጽፋል።

ስሙ ሳጥኑ ላይ

ጨዋታ ደራሲ አለው? ለኛ እንግዳ ጥያቄ ነው። የገበጣን ደራሲ ማን ያውቃል? ሰንጠረዥን (ቼዝን) ማን ሠራው? ጨዋታ እንደ ተረት ከአያት የሚመጣ ነገር ነው።

በአውሮፓም ቢሆን ጉዳዩ የቆየ አይደለም። በ1988 ኑረምበርግ ላይ፣ በአሻንጉሊት ንግድ ትርኢቱ ሰሞን፣ 13 ጨዋታ ሠሪዎች አንድ ቃል ኪዳን ፈረሙ። የፈረሙት ቢራ ብርጭቆ ስር በምትቀመጠው ክብ ካርቶን ላይ ነው። ቃሉ አጭር ነበር፤ ስማችንን ሳጥኑ ላይ ለማያትም አሳታሚ ጨዋታችንን አንሰጥም። ዛሬ የጨዋታ ሳጥን ሲገዙ የሠሪው ስም ፊት ለፊት ካለ፣ ያቺ ካርቶን እጇ አለበት።

ውድድሩ ግን ከዚያም ይቀድማል። ፓሪስ አጠገብ ያለችው ቡሎኝ-ቢያንኩር ከ1977 ጀምሮ ያልታተሙ ጨዋታዎችን አወዳድራለች። ጀርመን ውስጥ ደግሞ ሂፖዳይስ የሚባል የተጫዋቾች ክበብ አለ፤ እሱም የአማተር ሥራ ያወዳድር ነበር። አሠራሩ ሁለት ደረጃ ነበር። መጀመሪያ ደንቡን ብቻ ትልካለህ። ካለፍክ ጨዋታውን ራሱን ሠርተህ፣ ካርቶኑን ቆርጠህ፣ ጠጠሩን ቆጥረህ ትልካለህ። አባላቱ ቁጭ ብለው ይጫወቱታል። ከዚያ ይፈርዳሉ።

«ይጫወቱታል» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ።

2002፣ ሁለት በር

በአንድ ዓመት ሁለት በጣም የሚለያዩ ውድድሮች ተከፈቱ።

አንደኛው የትልቅ ኩባንያ ነው። ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስን የያዘው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ለጨዋታው አዲስ ዓለም ፈለገ። ዓለም ሲባል አገሩ፣ ታሪኩ፣ ሃይማኖቱ፣ ጦርነቱ፣ በአጠቃላይ ጨዋታው የሚካሄድበት ምድር ማለት ነው። ማንም መላክ ይችላል፣ ግን አንድ ገጽ ብቻ ተባለ። ወደ 11,000 ገደማ መጣ። ከዚያ 11 ተመረጡና አሥር አሥር ገጽ ጻፉ። ከ11ዱ ሦስት ቀሩ፤ እነሱ ደግሞ ከመቶ ገጽ በላይ። አሸናፊው ኪት ቤከር ነበር። ሥራው ኤበሮን ተብሎ በ2004 ታተመ። ለአሸናፊው የተባለው ሽልማት 100,000 ዶላር ነበር። ጥሩ ገንዘብ ነው። ግን የሦስቱም የመጨረሻ ሥራዎች መብት ለኩባንያው ሆነ። የተሸነፉት ሁለቱ ያንን ሁሉ ገጽ ጽፈው ለሌላ ሊሸጡት አልቻሉም፤ መሳቢያ ውስጥ ቀረ። ይሄ ለኔ ውድድር ሳይሆን ጨረታ ነው።

ሁለተኛው በር ጠባብ ነበር፤ ገንዘብም አልነበረበትም። ማይክ ሆልምስ የሚባል አሜሪካዊ የጨዋታ ሠሪ፣ እንደሱ በትርፍ ጊዜያቸው ጨዋታ የሚጽፉ ሰዎችን ለውድድር ጠራ። ሐሳቡን የወሰደው ከጃፓን የቴሌቪዥን ፕሮግራም ነው። አይረን ሼፍ ይባላል፣ ከ1993 ጀምሮ የታየ የወጥ ቤት ፍልሚያ። ሁለት ሼፎች ይቆማሉ፤ የዕለቱ ዋና ግብዓት እዚያው ይገለጣል፤ በአንድ ሰዓት ከሱ ምግብ ይሠራሉ። ሆልምስም እንዲሁ አደረገ። ግብዓቱን በቃላት ተካው። ሰዓቱን ወደ ሳምንት ገደማ አሰፋው። ውድድሩ ጌም ሼፍ ተባለ።

የተጻፈው ጨዋታ የጸሐፊው ነበር፤ ቢፈልግ ያሳትመዋል፣ ቢፈልግ ይተወዋል። ብዙው ሳያልቅም ይቀራል። ከዓመት ዓመት ግን ሰው እየበዛ ሄደ፤ ኋላ ላይ ጣሊያንኛና ፖርቱጋልኛ ተናጋሪዎች የየራሳቸውን ከፈቱ። ቃላቱም በየዓመቱ ይቀየሩ ነበር። በ2011 የዓመቱ ጭብጥ ሼክስፒር ነበር፤ ከግብዓቶቹ ውስጥ «ስደት» እና «ሴት ልጅ» ይገኙበታል። የአክስቴ ልጅ ያነበባቸው አራቱ ደግሞ የ2004 ናቸው።

እዚህች ላይ ትንሽ ልቆይ። ከነዚያ አራት ቃላት የወጣ አንድ ጨዋታ አለ፤ ፖላሪስ። ቤን ሌማን ነው የጻፈው፣ በ2005 ታተመ። በምድር ጫፍ በበረዶ አገር የሚኖር ሕዝብ እየጠፋ ነው። ተጫዋቾቹ የዚያ ሕዝብ የመጨረሻ ፈረሰኞች ናቸው። መጨረሻው አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ወይ ይሞታሉ ወይ ይከዳሉ።

የገረመኝ ታሪኩ አይደለም፣ ጠብ የሚፈታበት መንገዱ ነው። አንዱ ተጫዋች ለፈረሰኛው የሚፈልገውን ይናገራል። ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ተቃራኒው እንደፈለገው አይከራከርም። የተቆጠሩ ቋሚ ሐረጎች አሉት። አንዷ «ይሁን፣ ግን ይሄ ከሆነ ብቻ» የምትል ዓይነት ናት። አንዷ «አበዛኸው» ትላለች። እየተጎተቱ ይስማማሉ። ጨዋታው ሲከፈትም ሲዘጋም የሚባል የተወሰነ ቃል አለ፤ ያ ቃል ሳይባል አይጀመርም፣ አይዘጋም።

ይሄን ስሰማ ትዝ ያለኝ እንቆቅልሽ ነው። «እንቆቅልህ።» «ምን አውቅልህ።» ካላወቅክ «አገር ስጠኝ» ትባላለህ። «ደሴን ሰጠሁህ።» «ደሴ ገብቼ፣ ምን አጥቼ፣ ሁሉ በእጄ፣ ሁሉ በደጄ።» ማንም ይህን ቃል አይቀይርም። ቃሉ ነው ጨዋታውን የሚጠብቀው። አንዲት ሐረግ በሩን ትከፍታለች፣ አንዲት ሐረግ ትዘጋለች። ሌማን እንቆቅልሽን ያውቅ ነበር እያልኩ አይደለም። ምሽት ላይ ተቀምጦ የሚያወራ ሰው ግን የትም ቢሆን እዚያው መንገድ ላይ የሚደርስ ይመስለኛል።

በዚያው ዓመት ውድድር የተወለደ ሌላም አለ። የቲሞቲ ክላይነርት ማውንቴን ዊች። ጌታ የሌላቸው ሳሙራዮች ፉጂ ተራራን ይወጣሉ፣ ጠንቋዩን ሊገድሉ። እያንዳንዱ በልቡ የደበቀው ክፉ ነገር አለው። ጓደኛህን ምን ያህል እንደምታምነው በቁጥር ይያዛል። ያመንከው ሊረዳህ ይችላል፤ በዚያው እምነት ደግሞ ሊክድህ ይችላል።

አሠራሩን አንብቦ ጨው መፍረድ

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። አጎቴ ወዳልያዙት ግማሽ።

ቅኔ ሲነገር ያልቃል። መምህሩ ጆሮ ውስጥ ሲገባ ቅኔነቱ ተፈጽሟል፤ ቤት መታ አልመታ ወዲያው ይታወቃል። የተጻፈ ጨዋታ ግን ጨዋታ አይደለም፤ የጨዋታ አሠራር ነው። የዶሮ ወጥ አሠራር ያነበበ ሰው ዶሮ ወጥ አልበላም። ታዲያ በሳምንት የተጻፈን ነገር፣ ሠሪው ራሱ አንዴ እንኳ በወጉ ሳይጫወተው ያስረከበውን፣ እንዴት ትፈርድበታለህ?

እነ ሂፖዳይስ መልሳቸው ቀላል ነበር፤ ተጫወቱት። ጌም ሼፍ ይህን አልቻለም። ሥራው ብዙ ነው፤ አንዱን ለመጫወት ብቻ አንድ ማታ ይፈጃል፣ አራት አምስት ሰውም ይፈልጋል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ አዘጋጁ እያነበበ ይፈርድ ነበር። አንድ ሰው፣ የአንድ ሰው ጣዕም።

በኋላ ዓመታት መልኩ ተቀየረ። ፈራጆቹ ተወዳዳሪዎቹ ራሳቸው ሆኑ። ሥራህን ስታስገባ የሌሎች አራት ሰዎች ሥራ ይደርስሃል። አንብበህ አስተያየት ትጽፋለህ፤ ከአራቱ አንዱን «ይሄ ይለፍ» ትላለህ። የራስህንም አራት ሌሎች ያነቡታል። ብዙ «ይለፍ» ያገኙት ወደ መጨረሻው ዙር ይሻገራሉ።

በቁጥር ላሳያችሁ። 40 ሰው ገባ እንበል። እያንዳንዱ አራት ካነበበ 160 ንባብ ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ ጨዋታ አራት አንባቢ። «ይለፍ» ግን ያለው 40 ብቻ ነው። ስለዚህ ሦስት ካገኘህ ከፊት ነህ። ዕድል የሚገባው እዚህ ነው። የአንተ ጥሩ ጨዋታ አንድ አንባቢ እጅ ላይ ከሦስት ደካሞች ጋር ቢወድቅ ታልፋለህ። ያው ጨዋታ ከሌላ ድንቅ ሥራ ጋር ከተገናኘ ድምፁን ይነጠቃል። ፍትሐዊ ነው? በግማሽ። ነገር ግን አንድ ነገር አተረፈ፤ ያልተነበበ ሥራ አይኖርም። ለአማተር ይሄ ከሽልማት ይበልጣል። ጽፎ ለማን እንደሚያሳይ የማያውቅ ሰው ያውቀዋል።

ዋናው ቁስል ግን አልዳነም። ንባብ ብዕር ያለውን ይወዳል። ወረቀቱ ላይ እንባ የሚያስመጣ ጨዋታ ጠረጴዛ ላይ ሊተኛ ይችላል። የተንጋደደ ጽሑፍ ደግሞ ሌሊቱን ሊያነጋ ይችላል።

ሌሎች ውድድሮች ደግሞ ሥራውን አሳጠሩት። በ2009 የአንድ ገጽ ውድድር መጣ፤ ተጫዋቾች የሚገቡበት አንድ ዋሻ፣ ካርታውም ጉዱም አንድ ገጽ ላይ ያልቃል። በ2015 ዴቪድ ሽርዱዋን የ200 ቃል ውድድር ከፈተ። ሙሉ የሚና ጨዋታ በ200 ቃል! አጭር ሥራ ቶሎ ይነበባል፣ ቶሎም ይሞከራል። በነገራችን ላይ ይሄኛው ለአማርኛ ያደላል። «አልነገረችኝም» አንድ ቃል ናት፤ እንግሊዝኛው አራት ያወጣባታል። 200 የአማርኛ ቃል ሰፊ ቤት ነው።

ሀረጎ ላይ የቆመው ዶልፊን

ያን ማታ ወሬው በወሬ አልቀረም። እኛም ሞከርነው። አራት ቃል አዋጣን፤ ጉም፣ ቁልቁለት፣ እንግዳ፣ በረካ። አንድ ሳምንት። እኔ፣ እህቴና የአክስቴ ልጅ።

የኔ ስድስት ገጽ ሆነ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ዶልፊን፣ ሌሊት፣ ሀረጎ ላይ ጉም ይይዘዋል። መንገዱን የሚያውቅ ያውቃል፤ ሾፌሩ ፊቱን አያይም። ተሳፋሪዎቹ በየመስኮታቸው የሚያዩትን ለሾፌሩ ይናገራሉ። እያንዳንዱ አምስት ጥሬ ቡና ይዟል። አንድ ነገር ለመናገር አንድ ፍሬ ትከፍላለህ። መጨረሻ ላይ ብዙ ፍሬ የተረፈው ያሸንፋል። መግቢያውን ሦስት ጊዜ ነው የጻፍኩት። ጉሙን በደንብ ገልጬዋለሁ፤ እኔ ልበለው።

የአክስቴ ልጅ አልጨረሰም። «ሥራ በዛብኝ» አለ። በቂ ነው፣ በትልቁም ውድድር ያለ ነው።

የእህቴ ከደብተር የተቀደደ ግማሽ ገጽ ነበር። ጽሑፏ ሐኪም የጻፈው ይመስላል። አንድ እንግዳ ቤት ይመጣል፤ የማን ዘመድ እንደሆነ አይታወቅም። ሁሉም «የኔ ነው» ይላል፣ ምክንያቱን እየተናገረ። እንግዳው የሚመልሰው ቡና ሲቀዳ ብቻ ነው። በአቦል ስሙን፣ በቶና ከየት እንደመጣ፣ በበረካ ለምን እንደመጣ። ሁለት ሰው ከተጣላ ቤት ውስጥ በዕድሜ ትልቁ ይወስናል። አለቀ።

አንብበን ፈረድን። የኔ አንደኛ ወጣ። እህቴ ራሷ የኔን መረጠች።

ከዚያ ተጫወትነው። ዶልፊኑ ተነሳ። ሾፌሩ «ምን ይታያችኋል?» አለ። ዝም። «ኧረ ሰው የለም?» ዝም። ለምን ይናገሩ? ፍሬ ያስቀመጠ ያሸንፋል ብዬ የጻፍኩት እኔው። በአሥር ደቂቃ ውስጥ አራት ሰው ቡናውን በጡጫው ጨብጦ ገደል ገባ። ስድስቱን ገጽ ሁሉም አንብቦታል፤ እኔም ስንቴ። ማናችንም አላየነውም።

«ቡናዬን መልሱ» አሉ እማማ።

ቀጥሎ የእህቴ። የአክስቴ ልጅ እንግዳ ሆነ፣ ሥራ ፈት ስለነበረ። አቦል ተቀዳ፤ ስሙን ተናገረ። እህቴ «የባሌ ወንድም ነው» አለች። ባል የላትም። እኔ «የለም፣ ባቲ ገበያ ላይ ግመል የገዛሁት ሰውዬ ነው፤ ቀሪ ብሩን ሊቀበለኝ ነው» አልኩ። ተሳሳቅን። ቶና ተቀዳ። እማማ ጨዋታ ውስጥ አልነበሩም። ስኒውን እያቀበሉት ቀና ብለው አዩት።

«ይሄማ የኔ ነው» አሉ። «በሰባ ሰባት የተለየኝ ነው።»

ቤቱ ጸጥ አለ። በዕድሜ ትልቋ እሳቸው ስለሆኑ የሚከራከር የለም። የአክስቴ ልጅ ስኒውን ይዞ ቀረ። በቶና ከየት እንደመጣ መናገር ነበረበት። ብዙ ቆየና «መንገዱ ረዘመብኝ እንጂ ጠፍቼ አይደለም» አለ። እማማ ራሳቸውን ነቀነቁና ጀበናውን እንደገና ጣዱ። በረካውን ማንም አላስቸኮለም።

ሲቀዳ አጎቴ ከጥጋቸው ሆነው እህቴን ጠየቋት። «እንግዳው መቼ ይሄዳል ይላል ደንብሽ?»

እህቴ ወረቀቷን በሻማው ብርሃን ገልብጣ አየች። ስለመሄድ የተጻፈ ነገር የለም።

«ያድራል» አሉ እማማ።